የሰው ልብና የእጁ ሥራ፤ ከጋፋት መድፍ እስከ ተናጋሪው መኪና

ሰው የሚወደው ሰውን ብቻ አይደለም። ያሳደገውን በሬ፥ የታጠቀውን ጠመንጃ፥ በላቡ ያቆመውን ቤት ይወዳል፤ ስም ያወጣለታል፤ ቢጠፋበትም ያዝናል። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ገበሬው በሬውን ቡሬ፥ ዳለቻ እያለ በስሙ እየጠራ ያርሳል፤ ባለጠመንጃውም የመሣሪያውን ዘር ውጅግራ፥ ምንሽር፥ አልቤን እያለ እንደ ሰው ትውልድ ይቆጥራል። የቀድሞ መኳንንት ደግሞ ከዚህ አልፈው እነርሱ ራሳቸው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። እንግዲህ ሰው ከሰው ወገን ካልሆነ ነገር ጋር በፍቅር መተሳሰሩ ዛሬ የተገኘ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህን የቆየ ነገር እንደገና እንድንመረምር የሚያስገድድ ጊዜ ደርሶብናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ የሰውን ቋንቋ ተምሮ፥ በጽሑፍም በድምፅም የተጠየቀውን የሚመልስ መኪና አስገኝቷል። ይህ መኪና በአማርኛም ይመልሳል። ቀንም ሌሊትም አይደክመውም፤ አይቆጣም፤ ነገ ተመለስ አይልም። ስለዚህም በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ምክር ከመጠየቅ አልፈው ምስጢራቸውን ይነግሩታል፤ ወዳጄ ይሉታል፤ እስከ መፈቀርም የሚያደርሱት አሉ። ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ይስቃሉ፤ ሌሎችም ይደነግጣሉ። እኛ ግን ሳቁንም ድንጋጤውንም ትተን ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል እንላለን። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፥ በጋይንት መንገድ ላይ፥ ከ150 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አንድ ታላቅ ልብና አንድ የእጅ ሥራ አብረው አልፈዋልና።

አገሩን ላላየ አንባቢ ጥቂት እንግለጥ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ በመካከል ቆሞ ውሃውን በዙሪያው ላሉት ያከፋፍላል። ከተራራው በስተሰሜን ምዕራብ ደብረ ታቦር፥ በስተደቡብ ምዕራብ እስቴ፥ በስተምሥራቅ ጋይንት ይገኛሉ፤ ስማዳም ከጋይንት በስተደቡብ ሆኖ እስከ በሽሎ ቆላ ይወርዳል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ ክምር ድንጋይን አልፎ፥ ስሟ ግብሯን በምትናገረው በነፋስ መውጫ በኩል አድርጎ፥ በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ ይሻገራል። ታሪካችን የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ መነሻው ግን አንድ ደብዳቤ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ. ም. ከነገሡ በኋላ የአገራቸውን ሥልጣኔ ከሁሉ በላይ ይመኙ ነበር። በ1855 ዓ. ም. በጥቅምት ወር ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትን ጠየቁ፤ መልእክተኞች ለመላክ ማሰባቸውንም ገለጡ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ዳሩ ግን መልስ ሳይሰጠው በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበቁ። መልስ በመጥፋቱም ተናቅሁ ብለው በ1856 ዓ. ም. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። የንግሥቲቱን ቃል የያዘው ራሳም ከፊታቸው የቀረበው በ1858 ዓ. ም. ነበር፤ ይኸውም ደብዳቤው ከተጻፈ ከ3 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችል የነበረ ጉዳይ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበት ጦርነት ምክንያት ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ መልስ ያጡት ከባሕር ማዶ ብቻ አልነበረም። እጅግ የሚወዷቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ. ም. ሞቱ። ወዳጆቻቸውና አማካሪዎቻቸው የነበሩት እንግሊዛውያን ፕላውደንና ዮሐንስ ቤል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ተከታትለው ተገደሉ። እንደ ልጅ ያሳደጓቸውና ልጃቸውን የዳሩላቸው ምኒልክ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሄዱ። ጎጃምም ላስታም ሸፈተ፤ በ1859 ዓ. ም. መጨረሻ ሥልጣናቸው ከበጌምድር ብዙ የማይርቅ ሆነ። በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት ለማንም አልተሰጠም፤ ነገር ግን በዙሪያው ያሉት ሁሉ እየሞቱና እየከዱ የሄዱበት ሰው፥ የማይሞትና የማይከዳ ነገር ቢመኝ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ያ ነገር በጋፋት ተገኘ። በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች ኮረብታ ቴዎፊል ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ሞሪትስ ሆልና ሌሎችም አውሮፓውያን ተቀምጠው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የወንጌል መልእክተኞች ሆነው የመጡ እንጂ መድፍ መሥራት የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው፤ አናውቅም ቢሉም ትእዛዙ አልተለወጠም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እንደገና ተሠራ፤ ብዙ ተለፋ። በመጨረሻ በ1859 ዓ. ም. 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ታላቁ የነሐስ መድፍ ተፈጸመ። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እጅግ ብርቱ ውጊያ በተደረገባት ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ሥራው በተሳካ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ደስታ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ዋልድማየር በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ይመሰክራል።

በዚህ ላይ ቆም ብለን ሰው የእጁን ሥራ የሚወድበትን ምክንያት እንመልከት። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ስለዚህ ነገር የደረሱባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ድካም ነው። ኖርተን፥ ሞኮንና ኤሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ባወጡት ጥናት፥ ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ የሠሩ ጀማሪዎች የራሳቸውን ጎባጣ ሥራ ከዐዋቂ ሥራ ጋር የሚወዳደር አድርገው ገመቱት፤ ሌላው ተመልካች ግን ያን ያህል ዋጋ አልሰጠውም። ሁለተኛው፥ ሰው በሚንቀሳቀስ ወይም በሚመልስ ነገር ሁሉ ውስጥ ነፍስ የሚያይ መሆኑ ነው። ሃይደርና ዚመል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንድ ክብ ወዲያና ወዲህ ሲሉ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለተመልካቾች አሳዩ፤ ያዩትን እንዲጽፉ ከተጠየቁት 34 ሰዎች ውስጥ ነገሩን እንዲያው እንደ ቅርጽ ብቻ የገለጠው አንድ ሰው ነበር። የቀሩት ጠብ፥ ቅናትና ፍርሃት አይተውበታል። ሦስተኛው ብቸኝነት ነው። ኤፕሊና ጓደኞቹ በ2008 እንዳሳዩት ወዳጅ ያጣ ሰው ለዕቃና ለእንስሳ የሰውን ጠባይ ለመስጠት ከሌላው ይልቅ ይፈጥናል።

ሴባስቶፖል ሦስቱንም አሟልቶ ነበር። በድካም ተሠራ፤ ስም ወጣለት፤ የተወለደውም ጌታው ብቻውን በቀረበት ዘመን ነው።

በ1860 ዓ. ም. በመስከረም መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሠራዊታቸውንና ተከታዩን ሕዝብ ሁሉ ይዘው፥ መድፎቹን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሠረገላ ሄዶበት በማያውቅ ተራራ 70 ኩንታል ነሐስ ማሳለፍ ማለት መንገዱን ራሱን መፍጠር ማለት ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ እየጎተቱ፥ ቁልቁለት በሆነ ጊዜም ከኋላ እየያዙ፥ በጋይንት ደጋ አልፈው በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ፥ ከዚያም የጅዳን ገደል ወርደው ወደ ደላንታ፥ በመጨረሻም በሽሎን ተሻግረው ወደ መቅደላ አደረሱት። ፈጣን እግረኛ በጥቂት ቀኖች የሚጨርሰው መንገድ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። በዚያን ጊዜ እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከማለዳ እስከ ማታ በሥራው ላይ ነበሩ፤ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ መሬቱን ያስተካክሉ ነበር። መድፉ ወደ እስላምጌ ሲወጣም እስረኞቹ አውሮፓውያን ወርደው እንዲያዩት አስጠሩ። ልጁን ለእንግዳ የሚያሳይ አባት ከዚህ የተለየ አያደርግም።

እስከዚህ ድረስ ስናነብ ልባችን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ይሄዳል፤ መሄዱም የተገባ ነው። ነገር ግን ታሪክን የምንማር ሰዎች ገመዱን የያዙትን እጆችም መርሳት የለብንም። መድፉን የጎተተው ሰው ስሙ አልተጻፈም። በዓሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሚያልፍበት አገር እህሉ ከማን ጎተራ እንደሚወጣ፥ ከብቱም ከማን በረት እንደሚነዳ የታወቀ ነው። በጌምድር ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት በዘረፋና በቅጣት እጅግ ተጎድታ ነበር፤ ጋይንትም፥ ስማዳም፥ እስቴም የዚያችው የበጌምድር አካል ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመድፉ ጋር የነበራቸው ፍቅር የእሳቸው ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ገበሬው ነው። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ለሠራው ዕቃ የሚሰጠው ፍቅር በራሱ ነውር ባይሆንም፥ ሒሳቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ሁልጊዜ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ትምህርት በመቅደላ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ. ም. በስቅለት ዕለት በእሮጌ ሜዳ ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ውጊያ ሆነ። ከፋሕላ ላይ የተተኮሱት መድፎች ጥይታቸው ከጠላት በላይ እያለፈ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ቀረ። ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ መቶ ወታደሮች በዚያ ወደቁ። ከሦስት ቀን በኋላ፥ በፋሲካ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ለዚያ ሁሉ ድካም አንዳች አልመለሰላቸውም፤ ሊመልስም አይችልም ነበር፤ ነሐስ ነውና። በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት እስከ ሞት የታመኑላቸው ገብርዬን የመሰሉ ሰዎች ነበሩ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ እንዲቆም ተደርጓል።

ሆኖም ከዚያ ፍቅር የተረፈ አንድ ደግ ነገር አለ፤ እርሱም መንገድ ነው። ናፒየር ራሱ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ ገደሎቹን የወረደውና የወጣው ንጉሠ ነገሥቱ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነበር። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ የተሠራው የወልድያና የወረታ መንገድም በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ያልፋል። የእጅ ሥራን መውደድ መንገድ ሊያወጣ ይችላል፤ መንገዱ ግን ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሲሆን ነው ጥቅሙ የሚታየው።

ሴባስቶፖል ዝም የሚል የእጅ ሥራ ነበር። ከሰማይ ቃል ያወረደው መኪና ወደዚያው አገር አቅራቢያ የመጣው በ1922 ዓ. ም. ነው። የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ አውሮፕላኖች በሠራዊታቸው ላይ ወረቀት በተኑ። በወረቀቱ ላይ የመንግሥት አዋጅና የጳጳሱ የአቡነ ቄርሎስ ውግዘት ተጽፎ ነበር፤ ቃሉም የብዙ ወታደሮችን ልብ አናወጠ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ በተደረገው ውጊያ ራስ ጉግሣ ወደቁ። ልብ እናድርግ፤ ወታደሩ አውሮፕላኑን ቢፈራም የታዘዘው ለአውሮፕላኑ አልነበረም። ከወረቀቱ ኋላ የሚያውቀው ጳጳስና የሚያውቀው መንግሥት ነበሩ። ቃሉ ባለቤት ነበረው፤ ወደደውም ጠላውም ማን እንደ ተናገረው ያውቅ ነበር።

የዛሬው ተናጋሪ መኪና የሚለየው በዚህ ላይ ነው። የዚህ ነገር መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 በአሜሪካ ታየ። ከጀርመን በስደት የመጣው ዮሴፍ ዋይዘንባውም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤሊዛ የምትባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ። ኤሊዛ የምታውቀው አንዳች ነገር አልነበረም፤ የተናገሩትን ቃል ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልስ ነበር እንጂ። ሰውየው እናቴ ትጠላኛለች ቢላት፥ ስለ ቤተ ሰብህ ጨምረህ ንገረኝ ትላለች። ይሁን እንጂ ሲሠራት ያየችው የዋይዘንባውም ጸሐፊ እንኳ ከኤሊዛ ጋር ጥቂት ከተነጋገረች በኋላ ለብቻዋ እንድትሆን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሊቁ በዚህ እጅግ ደነገጠ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ባሳተመው መጽሐፍም ሰው ለመኪና ምን ያህል ሥራ አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚገባው አጥብቆ ጠየቀ።

ያች ጸሐፊ ሞኝ አልነበረችም። ያገኘችው የሚመልስ ነገር ነው። የሚመልስ ነገር ደግሞ ላዳመጠው ሰው ሁሉ የልብ ደጅ ያንኳኳል። የዛሬዎቹ መኪናዎች ከኤሊዛ ጋር የማይወዳደሩ ናቸው፤ የሰው ልጅ ከጻፈው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምረው፥ የትኛው ቃል ቀጥሎ ሊመጣ እንደሚገባው በማስላት ሐሳብ ያለው ንግግር ያሰማሉ። ማጽናናት ሲፈለግ ያጽናናሉ፤ መቀለድ ሲፈለግ ይቀልዳሉ። ነገር ግን ቃሉ የማን ነው ብለን ብንጠይቅ ከወረቀቱ በስተኋላ የምናውቀው ሰው አናገኝም፤ የምናገኘው ኩባንያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በየካቲት ወር፥ ወዳጅ እንዲሆን የተሠራው ረፕሊካ የሚባለው ፕሮግራም ባለቤቶቹ አነጋገሩን በለወጡት ጊዜ፥ ተጠቃሚዎቹ የቅርብ ሰው እንደ ሞተበት ሰው አዘኑ። ኀዘናቸው የውሸት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ወዳጃቸው ያለ እነርሱ ፈቃድ በአንድ ውሳኔ ሌላ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ቢያንስ የሴባስቶፖል ባለቤት ራሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የሌላ አገር ወሬ ሆኖ የሚቀር አይምሰለን። በአገራችን ይህን ጥበብ የሚከታተል መንግሥታዊ ተቋም በ2012 ዓ. ም. ተመሥርቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ2010 ዓ. ም. ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ስትናገር ሕዝብ በአድናቆት ተመልክቷታል፤ በሥራዋም የአዲስ አበባው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ድርሻ ነበራቸው። ይህ የሚያኮራ ነው። በስማዳ ቆላ ወይም በእስቴ ገጠር ብቻውን የተመደበ መምህርም መጽሐፍ ባጣ ጊዜ ስልኩን ቢጠይቅ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም ዕውቀት ለራቀው ሰው መንገድ ነው። ሥጋታችን ሌላ ነው። ያ መምህር በቀን የሚጠይቀው አለቃ፥ ማታ የሚያጫውተው ጎረቤት ያጣ እንደ ሆነ፥ ለዕውቀት የከፈተው ስልክ ቀስ በቀስ ብቸኛ ወዳጁ ይሆንበታል። ቤተ ሰቡ የማያዳምጠው ተማሪም እንዲሁ ነው። ሰው ወደ ተናጋሪው መኪና የሚሄደው መኪናው ስለ ጠራው ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሰው ደጅ ስለ ተዘጋበት ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ወጣቱን መሳቂያ ማድረግ ወይም ስልኩን መቀማት አይመስለንም። የተሰደበ ሰው ይደበቃል እንጂ አይመለስም። አባቶቻችን ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መምህር የተማሪውን ጥያቄ፥ እንግዳ ቢመስለውም፥ ቢመልስ፤ አባት ልጁ ሲናገር ቢያዳምጥ፤ ጎረቤት ከሩቅ አገር የመጣውን ሠራተኛ ቡና ጠጣ ቢለው፥ መኪናው ወደ ተገቢ ቦታው፥ ወደ መሣሪያነቱ ይመለሳል። ተማሪም በበኩሉ ከመኪናው የሰማውን ምክር ለአንድ ለሚያውቀው ሰው ነግሮ ቢመዝነው፥ ቃሉ ባለቤት ያገኛል።

ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና የመጨረሻውን ቃል ለእነርሱ እናደርጋለን። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ውስጥ መልስ የሚጠብቅ የባለጉዳይ ማመልከቻ አለ። ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ የመጣ ሰው በደጃችን ይቆማል፤ ነገ ተመለስ ይባላል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ነገ ይባላል። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ በለንደን የተቀመጠው ክፉ ሰው ስለ ያዘው አልነበረም፤ አንድ ሠራተኛ ለሌላው፥ ሌላውም ለቀጣዩ እየተወው ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ማመልከቻ ዛሬ አውጥተን እንመልከተው፤ የሚፈቀድ ከሆነ እንፍቀድ፤ የማይፈቀድ ከሆነም ምክንያቱን ጽፈን ስማችንን ፈርመን ለባለጉዳዩ እንስጠው።